ከመቆፈር በፊት፦ የተተወ የእርሻ መሬትን ለችግኝ ተከላ ማዘጋጀትና በራሱ የሚበቅለው ዕፅዋት

ዝናብ በሚያጥርባቸው ደጋማና ወይና ደጋ አካባቢዎች፣ በብዙ አጥቢያዎቻችን ዙሪያ አንድ ዓይነት መሬት አለ። ቀድሞ ገብስ፣ ጤፍ ወይም ማሽላ ይዘራበት ነበር። ዳገት በመሆኑ አፈሩ በጎርፍ እየተጠረገ ሄዶ፣ ምርቱ የዘሩን ያህል እንኳ አልመልስ ሲል ባለቤቱ ተወው። ዛሬ ድንጋዩ አግጥጦ፣ በክረምት ሣር ጣል ጣል የሚልበት፣ በበጋ የመንደሩ ከብት የሚውልበት ቦታ ሆኗል። ይህን የመሰለ መሬት ለልማት ተፈቅዶ በሰበካ ጉባኤ እጅ ሲገባ የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ ዶማና አካፋ ይዞ መውጣት፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ ክረምቱ ሲገባም ችግኝ መትከል ነው።

በዚህ እትም ትምህርታችን የምንነጋገረው ስለዚሁ ቁፋሮ ነው። ስለ ችግኝ ዓይነትና አያያዝ በየጊዜው ብዙ ተብሏል። ቁፋሮው ግን እንደ ተራ የጉልበት ሥራ እየታየ ብዙም አይመከርበትም፤ ምእመናን በአንድ ቀን ዘመቻ ወጥተው ይፈጽሙታል፣ ካህናቱ ባርከው ይዘጉታል፣ ከዚያ ወዲያ የሚቆጠረው የችግኙ መጽደቅና መድረቅ ብቻ ነው።

ቁፋሮ ለምንተክለው ችግኝ በእጅጉ ይጠቅማል። እኛ ሳንተክለው በራሱ ለበቀለው፣ ወይም ሊበቅል ለተዘጋጀው ዕፅዋት ግን ጉዳት ሊሆን ይችላል። የተተወ እርሻ ከሩቅ ሲያዩት ባዶ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ አይደለም። የሰበካ ጉባኤ አባላት በዚህ ላይ የሚወስዱት ውሳኔ የብዙ ሰው ጉልበት፣ የበሬና የላም መኖ፣ እንዲሁም ከጎርፍ የተረፈችውን ጥቂት አፈር የሚመለከት ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባናል።

በመጀመሪያ የተተወ እርሻ አፈር ከጫካ አፈር በምን እንደሚለይ እንይ። በበሬ የሚታረስ መሬት በየዓመቱ ሦስት፣ አራት ጊዜ፣ ለጤፍ ሲሆን ከዚያም በላይ ይታረሳል። የማረሻው ጥልቀት ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በታች ያለው አፈር በማረሻውና በበሬው ኮቴ ጫና ለብዙ ዓመታት እየታመቀ ጠንካራ ንብርብር ይሠራል። የላይኛው ደግሞ ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ስለሚሄድበት ለምነቱ ይሟጠጣል፤ የክረምት ጠብታ ሲመታው ደቃቁ አፈር ተጣብቆ እንደ ቅርፊት ይደርቃል። እንግዲህ ዝናብ ሲወርድ ከላይ ቅርፊቱ፣ ከታች ንብርብሩ መንገድ ይዘጉበታል። ውኃው ከመስረግ ይልቅ ቁልቁል ይሮጣል። በብዙ ቦታ ዝናቡ ሳያንስ መሬቱ የሚጠማው በዚህ ምክንያት ነው።

ዶማው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጠንካራውን ንብርብር ይሰብራል፣ ጎርፉን ያስቆማል፣ የችግኙ ሥር ወደ ታች የሚወርድበትን በር ይከፍታል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ስምንት ወር ያህል በቂ ዝናብ ሳያገኝ ለሚቆይ ችግኝ የመጀመሪያውን በጋ መሻገርና አለመሻገር የሚወሰነው፣ ክረምቱ ሳይወጣ ሥሩ ምን ያህል ጠለቀ በሚለው ነው። አንድ ስሌት እናድርግ። 3 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋትና ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ትሬንች 750 ሊትር ውኃ ይይዛል። በአንድ ሄክታር 500 ትሬንች ቢቆፈር 375 ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል፤ ይህም በመላው ሄክታር ላይ የወረደ 37 ሚሊ ሜትር ተኩል ዝናብ ማለት ነው። አንድ ብርቱ የሐምሌ ዶፍ ወደ ወንዝ ሳይወርድ እዚያው ዳገት ላይ ሊቀር ይችላል። የልማት ባለሙያዎች በየመድረኩ ትሬንች የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁን እንጂ ያው ስሌት ሌላም ነገር ይነግረናል። 40 ሳንቲ ሜትር በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ተራ ጉድጓድ በየ2 ሜትሩ ቢቆፈር በሄክታር 2,500 ጉድጓድ ይወጣል። የአፋቸው ስፋት ሲደመር 400 ካሬ ሜትር፣ ማለትም የመሬቱ 4 በመቶ ነው፤ የወጣው አፈር የሚያርፍበት ቢጨመር እጥፍ ቢሆን ነው። ከላይ ያልነው ትሬንች ግን አፉ 1.5 ካሬ ሜትር ሆኖ፣ ከበታቹ የሚከመረው አፈር ሌላ 3 ካሬ ሜትር ቢሸፍን፣ 500ው በአንድነት 2,250 ካሬ ሜትር ይይዛሉ። ይህ ከመሬቱ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ያልፋል። መሬቱ በሙሉ በትራክተር ሲታረስ ወይም በማሽን እርከን ሲቆረጥ ደግሞ ሳይነካ የሚተርፍ ቦታ አይኖርም ማለት ይቻላል።

የሚነካውስ ምንድን ነው? እርሻው በተተወ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚወርሰው የእርሻ አረም ነው። ከብት ካልበዛበት ቀስ በቀስ ሰርዶና ሰንበሌጥን የመሳሰሉ ሥራቸው ለዓመታት የሚቆይ ሣሮች ይተኩታል። ከዚያ በየድንጋዩ ጥግና በየድሮው ድንበር ላይ ክትክታ፣ ደደሆ፣ አጋም፣ እምቧጮ ብቅ ብቅ ይላሉ። በዶማ የተገለበጠ ቦታ ይህን ጉዞ ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ነባሩ ሣር ሥሩ ይቆረጣል፤ በአፈሩ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የቆየው የአረም ዘር ብርሃንና አየር አግኝቶ ይነሣል። በቀጣዩ ክረምት በጉድጓዱ ከንፈር ላይ ጥቅጥቅ ብሎ የሚታየው አረንጓዴ ለዓይን ደስ ቢልም፣ አብዛኛው ዓመታዊ አረም ነው፤ ከችግኙ ጋር ውኃ ይሻማል፣ ጥቅምት ሲገባም ደርቆ አፈሩን ራቁቱን ይተወዋል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ተቃራኒውንም መናገር አለብን። ቅርፊቱ በጠነከረና ሣር እንኳ በማይዝ ራቁት መሬት ላይ ጉድጓድና ግማሽ ጨረቃ ለተፈጥሮ ዕፅዋትም መልካም ነው። ነፋስና ጎርፍ የሚያመጡት ዘር፣ ቅጠልና ደቃቅ አፈር እዚያ ያርፋል፤ እርጥበቱ ይቆይለታል፤ ከችግኙ ጎን ሳይተከል የበቀለ የመጀመሪያው ሣር የሚታየው በዚያ ነው። ስለዚህ አንዱ ሥራ በአንዱ ቦታ መድኃኒት፣ በሌላው ቦታ ቁስል ይሆናል።

የዛፍ ዘር ጉዳይ ግን ከአረም ዘር ይለያል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነጥብ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። በልብ ወለድ መጻሕፍታቸው ጭምር የሚታወቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የእንጨት ዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል። ከጥናታቸው የተገኘው ሌላው ቁም ነገር፣ በእነዚሁ ደኖች አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚገኘው ዘር በአብዛኛው የሣርና የአረም እንጂ የዛፍ አለመሆኑ ነው። አብዛኞቹ የአገር በቀል ዛፎች ዘሮች በአፈር ውስጥ ለዓመታት አይጠብቁም፤ ወይ ይበቅላሉ፣ ወይ ይበላሻሉ። በደኑ ውስጥ እንዲህ ከሆነ፣ ለአንድና ለሁለት ትውልድ በታረሰ ማሳ ውስጥ የወይራ ወይም የዝግባ ዘር ተኝቶ ይጠብቀናል ብለን ተስፋ ልናደርግ አንችልም። በቁፋሮ የምንቀሰቅሰው አረምን ነው። የዛፉ ዘር ከውጭ፣ በአብዛኛውም ከቤተ ክርስቲያኑ ደን፣ በወፍ ሆድና በነፋስ መምጣት አለበት።

ወፍ ደግሞ በባዶ ሜዳ ላይ አታርፍም። የወይራና የሐበሻ ጽድ ፍሬ የበላች ወፍ የምታርፈው ቁጥቋጦ ላይ ነው፤ ዘሩንም የምትጥለው እዚያው ሥር ነው። በትግራይ በተከለሉ ቦታዎች ላይ ራፍ ኤርትስ የተባሉ የቤልጅየም ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ጥናት፣ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር የተተከሉ የወይራ ችግኞች በገላጣ ቦታ ከተተከሉት ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ደደሆው ፀሐዩን ያበርድለታል፣ በረገፈው ቅጠሉ አፈሩን ያለመልምለታል፣ እሾሃማው ቁጥቋጦም ከፍየል አፍ ይጋርደዋል። እኛ «ጭራሮ» ብለን የምንንቀው ቁጥቋጦ ለወይራው ሞግዚት ነው።

ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ በራሳችን ስሕተትም ነው። ከዓመታት በፊት ዝናብ አጠር በሆነ አንድ ደጋማ ወረዳ፣ ከአንድ አጥቢያ በስተ ምሥራቅ ባለ የተተወ የገብስ ማሳ ላይ ሥራ እንድናግዝ ተጠርተን ነበር። መሬቱ ላይ ደደሆና አጋም ተበታትኖ ነበር። ረድፉ ቀጥ እንዲልና ለጎብኚ እንዲያምር ብለን ቁጥቋጦው እንዲመነጠር የመከርነው እኛው ነን። ቄሰ ገበዙ ጥቂት አንገራግረው ነበር። «ይቺ አጋም እኮ ምንም አልበደለችንም» ያሉትን አሁንም እናስታውሳለን፤ ያን ጊዜ ግን እንደ ቀልድ አልፈነው ነበር። ሕዝቡ በስድስት ቀን ቆፍሮ ጨረሰ። የቀረው ወደ ገደሉ የሚወስደው ጥግ ብቻ ነበር፤ እርሱም የዓመቱ መታሰቢያ በዓል ደርሶ ሰው ስለ ተበተነ ሳይመነጠር፣ ሳይቆፈርም ቀረ።

በሦስተኛው ዓመት ስንመለስ በረድፍ ከተተከሉት ችግኞች አብዛኞቹ አልነበሩም። ጉድጓዶቹ ግማሽ ድረስ በደለል ሞልተው፣ በመካከላቸው ያለው መሬት ከበፊቱ ይልቅ ገላጣ ሆኖ አገኘነው። ያ በአጋጣሚ የተረፈው ጥግ ግን ሣሩ ጉልበት ድረስ ነበር፤ በአጋሞቹ ሥር ማንም ያልተከላቸው የወይራ ቡቃያዎች ቆመው ነበር። ቄሰ ገበዙ አብረውን ወጥተው አሳዩን እንጂ አልወቀሱንም። የቆፈሩት እናቶችና ወጣቶች ጉልበት ግን እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ከሩቅ አንድ ምሳሌ እንጨምር። በደቡብ ምሥራቅ እስፓኝ፣ በሙርሲያና በአልሜሪያ ግዛቶች ዓመታዊው ዝናብ በብዙ ቦታ 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ገበሬው ወደ ከተማ ሲፈልስ በዝናብ የሚለማው የእህል ማሳ በሰፊው ተተወ። መንግሥት በዚያ ዳገት ላይ የሐለብ ፓይን የተባለውን ዛፍ በብዛት አስተከለ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የአውሮፓ ማኅበረሰብ ደንብ ደግሞ የእርሻ መሬቱን በዛፍ ለሚሸፍን ገበሬ ክፍያ ፈቀደ። ዝግጅቱ የተደረገው በከባድ ማሽን ነበር፤ መሬቱ በብረት ጥርስ በጥልቀት ተሰነጠቀ፣ ዳገቱም እንደ ደረጃ ተቆረጠ። ፓይኑ በጥልቅ በተዘጋጀው መሬት ላይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሌላው የተሻለ አደገ። ነገር ግን በቦታው የነበረው እስፓርቶ የተባለው ጠንካራ ሣርና ቁጥቋጦው በማሽኑ ተነቅሎ ስለ ነበር፣ በየደረጃው ጠርዝ ላይ የተገለጠው የታችኛው አፈር ለጎርፍ ተጋለጠ። እ.ኤ.አ. በ2004 ማይስትሬና ኮርቲና የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በእንዲህ ያለ ደረቅ ምድር የፓይን ተከላው በቦታው ለነበረው የተፈጥሮ ዕፅዋት ብዙ ጊዜ ጥቅም እንዳላመጣለት አሳይተዋል። የእኛ ዶማ የእነርሱን ማሽን ያህል አይጎዳም፤ አምስት መቶ ሰው በአንድ ሳምንት የሚይዘው ዶማ ግን ቀላል መሣሪያ አይደለም።

እንግዲህ በእናንተ አጥቢያ ያለው መሬት የትኛው ዓይነት እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ? እኛ የምንመክረው በመጀመሪያ አንድ ክረምት ሳይቆፈር መከለል ነው። ከብቱ ከገባበት መሬት ምን ሊበቅል እንደሚችል ማወቅ አይቻልም፤ የተጋጠው ቁጥቋጦ ከሣር በታች ተደብቆ ስለሚቆይ ነው። ዶክተር ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው በቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ ባደረጉት ሙከራም ከብት እንዳይገባ ማጠር የዘሮችን መብቀልና የቡቃያዎችን በሕይወት መቆየት አሻሽሏል። መከለል ሲባል ግን ሣሩ ይበስብስ ማለት አይደለም፤ በጥቅምትና በኅዳር በማጭድ እየታጨደ ለባለ በሬዎቹ በፍትሕ ሊከፋፈል ይገባል። ይህ ካልተደረገ አጥሩ በመጀመሪያው በጋ ይፈርሳል፤ ሰዉም አይፈረድበትም።

ክረምቱ እንደ ወጣ፣ በጥቅምት፣ 40 ሜትር ገመድ ያዙና በየአቅጣጫው 10 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ዘርጉ። በውስጡ ያለውን ቁጥቋጦ፣ ከጉቶ ያቆጠቆጠውንና ከዘር የበቀለውን የዛፍ ቡቃያ ሁሉ፣ ጣት የሚያህለውን ሳይቀር ቁጠሩ። ቢያንስ በአምስት ቦታ፣ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ ይህንኑ አድርጉ። አማካዩ ከ10 ከበለጠ በሄክታር ከ1,000 በላይ ይሆናል፤ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ እኛ በረድፍ ቁፋሮ አንመክርም። ክልላውን ማጽናት፣ ጠፍተው የቀሩትን እንደ ወይራ፣ ዝግባና የሐበሻ ጽድ ያሉትን ደግሞ በቁጥቋጦው ሥር በትንሽ ጉድጓድ እየተከሉ ማሟላት ይበቃል። አማካዩ ከ3 ካነሰ መሬቱ እርዳታ ይፈልጋል። በመካከል ያለው እንደ ቦታው ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ግማሹ የሚቆፈር፣ ግማሹ የሚተው ሆኖ ታገኙታላችሁ። እነዚህ ቁጥሮች ለመነሻ የምንጠቀምባቸው የሥራ ልኬቶች ናቸው እንጂ ሕግ አይደሉም። የቤተ ክርስቲያኑ ደን በቅርብ የሚታይ ከሆነ ወፎቹ ስለሚያግዟችሁ በትዕግሥት በኩል ማዘንበል ይሻላል።

ሁለተኛው ፈተና የአፈሩ ነው። ዝናብ ባባራ በማግስቱ ቀጭን ብረት ወደ መሬቱ ግፉ። ያለ ችግር አንድ ክንድ ከወረደ የሚሰበር ንብርብር የለም፤ ሰፊ ቁፋሮም አያስፈልግም። በአንድ ስንዝር ላይ ድንገት ከቆመና ድንጋይ ካልሆነ፣ የማረሻው ንብርብር ያለው እዚያ ነው። አለት ከሆነ ደግሞ ተዉት፤ ያቺን ስስ አፈር ገልብጦ ለጎርፍ ከመስጠት ሣሯን መጠበቅ ይበልጣል።

መቆፈር ካስፈለገ ሥራው ከአዝመራ በኋላ በጥርና በየካቲት ቢሆን መልካም ነው። መስመሩ በውኃ ልክ ወይም በኤ ፍሬም ተለክቶ ዳገቱን አግድም ይከተል፤ የላይኛው ረድፍ ጉድጓድ ከታችኛው ጋር ትይዩ ሳይሆን ተሰባጥሮ ይቀመጥ። ቁጥቋጦ መንገድ ላይ ሲገኝ ጉድጓዱ ይዛወር እንጂ ቁጥቋጦው አይመንጠር፤ በዙሪያውም አንድ ሜትር ያህል ዶማ አይንካው። በረድፎቹ መካከል ያለው ሣር ሳይገለበጥ ይቆይ፤ ከላይ የሚመጣውን ደለል የሚያጠራልን እርሱ ነውና። ሲቆፈር ጠቆር ያለው የላይኛው አፈር ለብቻው በጎን ይቀመጥ፤ ነጣ ወይም ቀላ ያለው የታችኛው አፈር በቁልቁለቱ በኩል ይከመር። በተከላ ጊዜ ወደ ሥሩ የሚመለሰው የላይኛው ነው። በየአጥቢያው ደጋግመን የምናየው ስሕተት የሁለቱ መደባለቅ ነው፤ ችግኙ ምንም በማያበቅል አፈር ውስጥ ይቆማል፣ ለሙ አፈር ደግሞ በክምሩ ላይ ሆኖ በመጀመሪያው ዶፍ ይሄዳል። በክምሩ ላይ ከዚያው አካባቢ የተለቀመ የሣር ዘር ቢበተንበት ወይም ሰርዶ ቢተከልበት በአንድ ክረምት ይያያዛል። በመረሬ አፈር ላይ ግን ጥልቅ ጉድጓድ ውኃ አቁሮ ሥር ስለሚያበሰብስ፣ ችግኙን ከፍ ባለ መደብ ላይ መትከል ይመረጣል።

አንድ እንቅፋት ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ሥራው የሚመዘንባቸው የሪፖርት ቅጾች የተቆፈረ ጉድጓድና የተተከለ ችግኝ ይቆጥራሉ፤ በራሱ የበቀለ ወይራ የሚመዘገብበት ሣጥን የላቸውም። ስለዚህ ከልሎ የጠበቀ አጥቢያ ምንም እንዳልሠራ፣ አጋሙን መንጥሮ አሥር ሺህ ጉድጓድ የቆፈረ ደግሞ እንደ ተሸለመ ሆኖ ይታያል። ቅጹ እስኪሻሻል ድረስ የሰበካ ጉባኤያት የራሳችሁን መዝገብ ብትይዙ መልካም ነው። በጥቅምት የቆጠራችሁባቸውን አራት ማዕዘኖች በየማዕዘናቸው በድንጋይ ምልክት አድርጉባቸው፤ የቦታውን ስም፣ የቆጠረውን ሰውና የቡቃያውን ብዛት በዓይነት በዓይነቱ ጻፉ። በሚመጣው ጥቅምት እዚያው ድንጋይ ላይ ቆማችሁ እንደገና ቁጠሩ፤ ከተቻለም የወረዳው የልማት ባለሙያ አብሮ ይገኝ።